ሬሚሽን ምንድን ነው?

ስለ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) በሚጻፉ ዜናዎች ውስጥ «ታማሚው ሬሚሽን ላይ ስለሆነ ድኗል» የሚል ዐረፍተ ነገር በተደጋጋሚ አነባለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «በሽታው ከጠፋ በኋላ ሕፃኑን ሁለት ዓመት ሙሉ ኬሞቴራፒ ማስወሰድ ለምን አስፈለገ?» ሲሉ ሐኪሞችን ወቅሰዋል። እንዲህ ያለው ስሕተት ወላጅን መድኃኒት ሊያስቋርጥ ስለሚችል በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም።

ሬሚሽን ማለት በሽታው በተመረመረበት መሣሪያ ሊታይ አልቻለም ማለት ነው። በአጣዳፊ ሉኪሚያ የቆየው መስፈርት በመቅኒ ውስጥ ያሉት ብላስት የሚባሉ ገና ያልበሰሉ የደም ሴሎች ከ5 በመቶ በታች እንዲወርዱና የደም ቆጠራው እንዲያገግም ይጠይቃል። ይህ ግን 5 በመቶ ካንሰር ቀርቷል ማለት አይደለም፤ ጤናማ መቅኒም ጥቂት ብላስቶች አሉት፣ ዐይን ደግሞ በአጉሊ መነጽር ሥር ጤናማውን ብላስት ከካንሰሩ ብላስት ሁልጊዜ አይለይም። በአንድ ስላይድ ላይ 500 ሴሎች ቆጥረን ብንጨርስና ከ10,000 ሴሎች አንዱ የሉኪሚያ ቢሆን፣ ያንን አንዱን ሳናየው የመነሣታችን ዕድል እጅግ ሰፊ ነው። በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ በሰውነት ውስጥ አንድ ትሪሊዮን ያህል የሉኪሚያ ሴሎች እንደሚኖሩ ይገመታል፤ በአጉሊ መነጽር «ንጹሕ» በተባለ ማግስትም እስከ አሥር ቢሊዮን ሊቀሩ ይችላሉ።

ቋንቋችን የተዳፈነ እሳትን ከጠፋ እሳት ይለያል። ሬሚሽን የመጀመሪያው ነው፦ ነበልባሉ የለም፣ ጭሱም የለም፣ ከላይ የሚታየው አመድ ብቻ ነው። እጃችንን ወደ አመዱ አስጠግተን ሙቀት እንደምንፈልግ ሁሉ፣ ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን በሌዘር ብርሃን የሚለይ ምርመራ) እና ፒሲአር (ዘረ መልን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ከ10,000 ሴሎች አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰውን ቅሪት ይፈልጋሉ። ምሳሌው የሚጎድለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ረመጥ ቢተዉት ይቀዘቅዛል፣ የሉኪሚያ ሴል ግን ቢተዉት ይባዛል። ናሙናው የሚወሰደው ከአንድ የአጥንት ስፍራ ስለሆነም፣ ቅሪት አለመገኘቱ ራሱ ፍጹም ማረጋገጫ አይደለም።

ሬሚሽን የሚለውን ቃል ቀድመው በጥንቃቄ የተጠቀሙበት ተመራማሪዎች ይህን ያውቁ ነበር። በቦስተን የሠራው ሐኪም ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸውን 16 ልጆች ውጤት ሲያሳትም፣ አሥሩ ቢሻላቸውም በጽሑፉ ርእስ ላይ ሬሚሽኑን «ጊዜያዊ» አለው፤ በሽታው አገርሽቷልና። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አራት መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጡ የብዙ ልጆች መቅኒ ጠራ፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ራስ ምታት ይዟቸው ተመለሱ፤ መድኃኒቶቹ በደንብ ሊደርሱበት በማይችሉት የአንጎል ሽፋን ውስጥ ሉኪሚያው ተደብቆ ኖሯል። በ1962 በሜምፊስ የተከፈተው የሴንት ጁድ ሆስፒታል የመጀመሪያ ዳይሬክተር ዶናልድ ፒንክል የሥራ ዘመኑን ትልቅ ክፍል ያዋለው ለዚህ ችግር ነበር። ሬሚሽንን የሕክምናው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ አድርጎ ወሰደው፤ ከሬሚሽኑ በኋላ የማጠናከሪያ ሕክምና፣ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሕክምና፣ ከዚያም ዓመታት የሚወስድ የማቆያ መድኃኒት አስከተለ። በ1967 በጀመረው አምስተኛ ጥናት ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ለዘለቄታው ዳኑ፤ ከዚያ በፊት በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነበር። አስተያየት ሰጪው ትርፍ ያሉት የሁለት ዓመት መድኃኒት እንግዲህ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በልጆች ላይ በብዛት የሚታየውን አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያን በማሰብ ነው። ሥር በሰደደው ማይሎይድ ሉኪሚያ (ቀስ ብሎ በሚያድገው ሌላ ዓይነት) ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የቢሲአር-ኤቢኤል (የዚህ ሉኪሚያ መለያ የሆነው የተዛባ ዘረ መል) ቅሪታቸው ለዓመታት እጅግ ዝቅ ብሎ የቆየ አንዳንድ ታማሚዎች በሐኪም ክትትል ኪኒናቸውን ያቆማሉ፤ የፒሲአር ምርመራው ግን አይቆምም፤ መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይደረጋል።

«ታዲያ መቼ ነው ድኗል የሚባለው?» ለሚሉ፣ ይህን በአንድ ቀን የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። ሕክምናው አልቆ ዓመታት ሳያገረሽ ሲያልፉ ነው ሐኪሙ ቃሉን ቀስ ብሎ የሚያወጣው።