የተቧጨረው ጠመንጃ ምን በደለ? ስለ አደን መሣሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአደን ጠመንጃ ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። የሰደፉ እንጨት መስመሩ ያምራል? ብረቱ ፊት ያሳያል? ጭረት የለበትም? ደስ ካለው ከፍሎ ይወስደዋል። የአደን ወቅት ደርሶ ሰማዩ ሲጠቁር ግን «ይሄንንማ ይዤ ዝናብ ውስጥ አልገባም» ይላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ በብረት ሣጥን ተቆልፎ፣ አንድ አጋዘን ሳያይ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ ጠመንጃ ሞልቷል።

በእኛ አገር ይሄ ጣጣ ብዙም አልነበረም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ሰደፉ ቢሰነጠቅ በጠፍር ይታሰራል፤ ጥያቄው «ይተኩሳል ወይ?» ነው፣ አለቀ። እኔም የማደላው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። አደን ሕጋዊ በሆነበትና መሣሪያው በሱቅ በሚሸጥበት አገር፣ በተለይ አሜሪካና ካናዳ፣ ስለ አደን ጠመንጃ ሲወራ ደጋግመው የሚሰሙ አንዳንድ ነገሮች አሉ። ተራ በተራ እንያቸው።

«ጭረት የበዛበት ጠመንጃ የተጎዳ ጠመንጃ ነው»

ጭረት ሌላ፣ ጉዳት ሌላ። ጥቁሩ ቀለም አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ እንዲሁም ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በሚይዝበት መሃሉ ላይ ተልጦ ከነጣ፣ መሣሪያው ብዙ ተራራ ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ተተኩሶበታል ማለት አይደለም። አዳኝ በዓመት የሚተኩሰው አንድ ሁለት ፓኬት ጥይት ቢሆን ነው፤ እሱም አብዛኛው ለልምምድ ይሄዳል። እንደ 308 እና 30-06 ያሉ የተለመዱ ጥይቶችን የሚተኩስ በርሜል ደግሞ ሺዎችን ይችላል። በዓመት 40 ጥይት ብትተኩሱ 3,000 ለመድረስ 75 ዓመት ይፈጅባችኋል። ስለዚህ «አሮጌ ነው፣ በርሜሉ አልቋል» የሚለው ፍርሃት በአደን ጠመንጃ ላይ ብዙ ጊዜ ቦታውን የሳተ ነው። ተኩስ ካጠፋው በርሜል ይልቅ ዝገትና ግዴለሽ አወላወል ያጠፋው ይበዛል።

ታዲያ ያገለገለ ጠመንጃ ሲገዛ ምን ይታያል? መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢላችሁም አረጋግጡ። ከዚያ መቀባበያውን አውጡና ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አሻግራችሁ በበርሜሉ ውስጥ እዩ። ጠመዝማዛ መስመሮቹ ጠርዛቸው ስል ሆኖ መታየት አለበት። ጠቆር ያሉ ጉድጓዶች ከታዩ ዝገት በልቶታል።

ቀጥሎ የአፈሙዙን ከንፈር በጣት ጥፍር ዳስሱ። ጥይቱ በርሜሉን የሚለቀው እዚያ ጋ ነው። ትንሽ ስንጥቅ ወይም ጎድጎድ ያለች ነገር ካለች፣ ከኋላ የሚገፋው ጋዝ በአንድ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ያንሻፍፈዋል። ሰደፉ ላይ ያለ አንድ ስንዝር ጭረት ኢላማ አያስትም፤ ይህቺ የጥፍር ጫፍ የምታህል እንከን ግን ታስታለች።

ከዚያ ብሎኖቹን እዩ። አናታቸው ከተላላጠ፣ አንድ ሰው የማይገጥም መፍቻ ይዞ ውስጡን ጎርጉሮታል፤ ሌላስ ምን ነክቶ ይሆን ብላችሁ ጠርጥሩ። በመጨረሻ ከመቀባበያው ኋላ ያለችውን ቀጭኗን የሰደፍ አንገት መርምሩ። እንጨት የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። እነዚህ ደህና ከሆኑ የቀረው ጭረት ዋጋ ማስቀነሻ ነውና ተጠቀሙበት።

«ስቴንለስ ስቲል አይዝግም፣ ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ከዝገት ይከላከላል»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። በርሜል የሚሠራበት የስቴንለስ ዓይነት ብዙ ጊዜ 416 የሚባለው ነው። በማሽን ለመቁረጥ እንዲመች ድኝ ይጨመርበታል፤ ክሮሚየሙም ከማንኪያና ከድስት ብረት ያነሰ ነው። ስለዚህ ይዝጋል፣ ግን ቀስ ብሎ። በተለይ ከሰደፉ ጋር የሚገናኝበት፣ ውሃ ገብቶ የማይታይበት ቦታ ላይ ይጀምረዋል።

ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ራሱ በኬሚካል የመጣ ስስ የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ዋና ጥቅሙ ዘይት መያዙ ነው። ዘይቱ ከሌለ እርጥብ ጠመንጃ ስፖንጅ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ አንድ ሌሊት ሲያድር ጠዋት ቀይ ነጠብጣብ አብቅሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ዝናብ ላይ የዋለ መሣሪያ ማደር ያለበት ሣጥኑ ተከፍቶ ነው።

«እንጨት ጊዜው አልፎበታል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ጠንካራ ነው»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነው።

እንጨት እርጥበት ይጠጣል። በክረምት አብጦ አልዘጋ እንደሚል በር፣ ሰደፍም ያብጥና በርሜሉን ከጎን ይገፋዋል። ያኔ ኢላማ የነበረው ቦታ ይለወጣል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ጉምና ዝናብ ውስጥ ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላል። የደጋ አጋዘን በፈቃድ ለማደን ወደ ባሌና አርሲ ተራሮች የሚመጡ የውጭ አዳኞች የሚገጥማቸው አየር ይሄው ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጉሙም ብርዱም አያሳርፍም።

ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። በቅርጽ ማውጫ የሚፈስሰው ርካሹ ፕላስቲክ አይጠጣም፣ አያብጥም፤ ይተጣጠፋል እንጂ። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ የሰደፉን ፊተኛ ጫፍና በርሜሉን በአንድ እጅ አንድ ላይ ጨመቅ አድርጉ። በቀላሉ ከተነካኩ፣ ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ስትተኩሱም ይነካካሉ። በእጅ የተነባበረ ፋይበርግላስ እንዲህ አያደርግም፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

በመሃል ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ስስ የእንጨት ንጣፎች በሙጫ ተነባብረው የተጋገሩበት ሰደፍ። ከባድ ነው። ቁንጅናውም አከራካሪ ነው፣ እኔ በበኩሌ አይማርከኝም። ግን ይሠራል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የካናዳ ሬንጀርስ ናቸው።

ሬንጀርስ የሚባሉት በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍና ሰው በማይበዛባቸው አካባቢዎች የሚጠብቁ፣ ብዙዎቹ የአገሬው ተወላጅ የሆኑ የመጠባበቂያ ጦር አባላት ናቸው። ጠመንጃ የሚይዙት በዋነኛነት የዋልታ ድብ ስለሚያሰጋ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1947 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የያዙት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሆነውን ሊ ኤንፊልድ የተባለ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነበር። ያ መሣሪያ በበረዶ መንሸራተቻ ላይ እየተንገጫገጨ፣ በጀልባ ጨዋማ ውሃ እየተረጨ፣ 70 ዓመት ያህል አገለገለ። የተቀየረውም መተኮስ እምቢ ብሎ አይደለም። መለዋወጫ ማግኘት እየከበደ ስለሄደ ነው።

ከ2018 ጀምሮ በምትኩ የገባው ሲ-19 የተባለ ጠመንጃ ነው፤ ንድፉ ቲካ ከሚባለው የፊንላንድ ጠመንጃ የተወሰደ ሲሆን ካናዳ ውስጥ በፈቃድ ተመርቷል። ምን እንደመረጡ ተመልከቱ። በርሜሉ ስቴንለስ ነው። ሰደፉ የተነባበረ እንጨት ሆኖ በረዶ ላይ ቢወድቅ እንዲታይ ቀይ ተደርጓል። የመቀባበያው እጀታና የምላጩ ቀለበት በወፍራም ጓንት እንዲያዙ ሰፋ ተደርገዋል። የብረት ማነጣጠሪያም አለው። የታሰበው ለሥራው እንጂ ለመልኩ አይደለም።

«ጥሩ ጠመንጃ ማለት ጥይቶቹን በአንድ ቀዳዳ የሚያስገባ ነው»

ለውድድር ከሆነ አዎ። ለአደን ግን ሒሳቡን እንሥራው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በ100 ሜትር ጥይቶቹን በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚያሰባስብ ጠመንጃ፣ በ200 ሜትር 10፣ በ300 ሜትር 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከበቂ በላይ ነው። ያቺን ተጨማሪ 2 ሴንቲ ሜትር ለማጥበብ የሚወጣው ገንዘብ ጥይት ተገዝቶበት ቁጭ ብሎም ቆሞም ልምምድ ቢደረግበት ይሻላል። ሰው የሚስተው በጠመንጃው ምክንያት ሳይሆን ዳገት ወጥቶ እያለከለከ ስለሚተኩስ ነው።

«ውድ ከሆነ አስተማማኝ ነው፣ ርካሽ ከሆነ አይረባም»

ሳቬጅ 110 የሚባለው አሜሪካዊ ጠመንጃ በ1958 ሲወጣ ርካሽ እንዲሆን ታስቦ ነው የተነደፈው። በርሜሉ የሚታሰረው በአንድ ትልቅ ዳዶ ነው፤ ባለሙያ በእጁ እየሞረደ ማገጣጠም አይጠበቅበትም። መልኩ ብዙም አያምርም። ግን ያ ርካሽ ዘዴ አገጣጠሙን ትክክለኛ ስላደረገው በአነጣጠሩ ስም አተረፈ፤ ዛሬም ይመረታል።

በተቃራኒው የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ማለትም ያማረ ሁሉ ለማሳያ ነው የሚለው። ታዋቂው አዳኝ ጂም ኮርቤት ሕንድ ውስጥ ቻምፓዋት በሚባል ቦታ 436 ሰው ገድላለች የተባለችውን ነብር በ1907 ሲገድል፣ የግዛቱ ገዥ ሪግቢ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ድርጅት የሠራውን ጠመንጃ ሸለመው። ሰደፉ ላይ የተጻፈበት የብር ሰሌዳ አለ። ሽልማት ነው ብሎ ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም። እዚያው ሕንድ ውስጥ የሩድራፕራያግ ከተማን አካባቢ ያሸበረውን ሰው በላ ግስላ በ1926 የገደለው በዚያው ጠመንጃ ነው። ብሩ አልከለከለውም። የሚከለክለው «እንዳይጫርብኝ» የሚለው ሐሳብ ነው።

ሰብሳቢዎች ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከ1936 እስከ 1963 የተመረተው ዊንቸስተር ሞዴል 70 የተባለ የአሜሪካ ጠመንጃ በጣም ይፈለጋል። ነገር ግን አንዱ የቀድሞ ባለቤት ተጨማሪ ቀዳዳ ከበሳው፣ ሰደፉን ቆርጦ ጎማ ከለጠፈበት ወይም ቀለሙን ካደሰው፣ ሰብሳቢው ፊቱን ያዞራል። ዋጋው ይወርዳል። ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። አስተዋይ አዳኝ የሚገዛው ይሄንን ነው።

«ትልቅ ጥይት ትንሽ ስህተትን ይሸፍናል»

አይሸፍንም። ትከሻ የሚሰብር ጠመንጃ ሰውን ያስደነግጣል። ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዋልተር ቤል በምሥራቅ አፍሪካ ሲዘዋወር፣ ወደ ኢትዮጵያ ምዕራባዊ ዳርቻም ሲዘልቅ፣ ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል። አብዛኛውን የገደለው ቀላል በሆነው የ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። ይሄ ዛሬ ዘግናኝ ቁጥር ነው፤ ለዝሆን ትንሽ ጥይት ይበቃል ለማለትም አላነሣሁትም፤ እንዲያውም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕጉ ራሱ ለአደገኛ እንስሳ ትልቅ ጥይት ያስገድዳል። ቤል የዝሆንን የራስ ቅል አሳምሮ ያጠና ሰው ነበር። ለውጤቱ ምክንያቱ ያ ነው።

«ዘይት በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ብርድ ላይ ተቃራኒው ነው። ዘይትና ግሪስ ከዜሮ በታች ብዙ ሲወርድ ይወፍራሉ። መርፌው ቀስ ብሎ ይመታና ጥይቱ ይከሽፋል። ስለዚህ በሰሜን የሚያድኑ ሰዎች መቀባበያውን በማሟሟያ አጥበው ደረቅ ያደርጉታል፣ ወይም እንደ ግራፋይት ያለ ደረቅ ማለስለሻ ይነካካሉ። ከብርድ ውለው ሲመለሱም ጠመንጃውን ሞቃት ቤት አያስገቡትም። ባዶ አድርገው፣ ሰው በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ቆልፈው ያሳድሩታል። ቢያስገቡት ብረቱ ያልበዋል፤ ጠዋት ሲያወጡት ያ ላብ ውስጡ በረዶ ይሆናል።

ሌላም አለ። አሮጌ የጦር ጥይት የተኮሰ ሰው በዘይት ብቻ ቢወለውል አይበቃውም። የድሮው መቀጣጠያ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። ሙቅ ውሃ አፍስሶ፣ በደንብ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። ስንቱ ደህና መሣሪያ በዚህ ባለማወቅ ተበልቷል።

«ጠንካራ ጠመንጃ ከያዝኩ ሌላው ግድ የለም»

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከዳው ጠመንጃው አይደለም፤ ላዩ ላይ ያለው የማነጣጠሪያ መነጽር ነው። ወይም መነጽሩን የያዘው ብሎን ላልቷል። ጠመንጃው ከወደቀ፣ መልኩ ደህና ቢሆንም አንድ ሁለት ጥይት ወረቀት ላይ ሳይሞከር ወደ እንስሳ አይተኮስም።

«የሥራ ጠመንጃ እንክብካቤ አይፈልግም»

መልኩ አያሳስብም ማለት መሣሪያው ይረሳ ማለት አይደለም። ዝናብ ላይ ከዋለ በኋላ ባዶነቱ ተረጋግጦ ብረቱ ከሰደፉ ይፈታል፣ ስር ያለው ውሃ ይጠረጋል፣ ስስ ዘይት በጨርቅ ይዳሰሳል፣ ሰደፉም ከእሳት ርቆ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። የእንጨት ሰደፍ ያለው ሲቀመጥ አፈሙዙ ወደ ታች ቢሆን ይመረጣል። ሽቅብ ከቆመ ትርፉ ዘይት ቁልቁል እየወረደ ያቺን ቀጭን የሰደፍ አንገት ያረሰርሳታል፤ ከዓመታት በኋላ እንጨቱ ይለሰልስና እዚያው ጋ ይሰነጠቃል። ያገለገለ ጠመንጃ ስትገዙ አንገቱ አካባቢ እንጨቱ ከሌላው ጠቁሮ ካያችሁት፣ ለዓመታት የተቀመጠው ሽቅብ ቆሞ ሊሆን ይችላል።