ቡፌ ምንድን ነው? ዘመኑን ከእግሩ ይጠይቁት

ቡፌ ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ነው። ከዓመት በዓል በቀር የማይነኩ ብርጭቆዎች፣ ለእንግዳ የተቀመጡ ስኒዎች፣ የምርቃት ፎቶግራፍ፤ ቁልፉ ደግሞ ከእናት መቀነት አይለይም። ሠርግ ስንጠራ በዚያው ቃል ተሰልፈን የምናነሣውን ምግብ እንጠራበታለን። ሁለቱ አንድ ስም የያዙት በአጋጣሚ አይደለም። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ቀድሞ የዕቃው ስም ነበር፣ ምግቡ ስሙን የወሰደው ከሚደረደርበት ዕቃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አሮጌው የእንጨት ቡፌ፣ ይልቁንም እንግሊዞች «ሳይድቦርድ» የሚሉት ነው። ስሙ «የጎን ሳንቃ» እንደማለት ነው፤ መነሻውም ከዚያ ብዙ አያልፍም። ከመመገቢያው ጠረጴዛ ፈንጠር ብሎ ግድግዳ ሥር የሚቆም፣ ምግብ የሚቀርብበትና የጌታው የብር ዕቃ ለእንግዳ የሚታይበት ገበታ ነበር። መሳቢያ የለው፣ በር የለው።

በ1760ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት አዳም የተባለው ስኮትላንዳዊ አርክቴክት ይህን ገበታ ከጭፍሮቹ ጋር አንድ አድርጎ መንደፍ ያዘ። ለንደን አጠገብ በሚገኘው ኦስተርሊ ፓርክ እንደሚታየው ገበታው መሐል ይቆማል፤ ግራና ቀኙን ሣጥን መሰል መቆሚያዎች ያጅቡታል፤ በላያቸው እንደ እንስራ ያሉ ማሰሮዎች ይቀመጣሉ። እንዲህ ካሉት መቆሚያዎች አንዱ ውስጡ በብረት ተለብጦ ሳህን ማሞቂያ ይሆን ነበር፤ ማሰሮው ውኃ ይይዛል። ግን ይህን ሁሉ የሚችለው ሰፊ አዳራሽ ብቻ ነው። ቤቱ ጠበብ ያለ ሰው ምን ያድርግ? አናጺዎቹ መልስ አገኙ፤ ገበታው ጎረቤቶቹን ዋጣቸው። መቆሚያዎቹ የጎን ሣጥን፣ ማሞቂያውና የወይን ማስቀመጫው መሳቢያ ሆኑ። ሁሉም በአንድ አካል፣ በስድስት ቀጫጭን እግር ላይ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ቡፌ ይህ ነው።

አንዱ የጎን ሣጥን ፖፖ ማስቀመጫም ነበር። በ1784 እንግሊዝን የጎበኘ ፍራንሷ ደ ላ ሮሽፉኮ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የመኳንንት ልጅ፣ ሴቶቹ ከማዕድ ከተነሡ በኋላ ወንዶቹ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደሚጠቀሙበት በግርምት ጽፏል። ቡፌውን በሰም እየወለወሉ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያነሡ እምብዛም አይሰማም።

የዚህ ዘመን ቡፌ በሁለት ስሞች ይጠራል፤ ሄፕልዋይትና ሸራተን። አናጺው ጆርጅ ሄፕልዋይት በ1786 ሞተ፤ ንድፎቹን ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተመችው ሚስቱ አሊስ ናት። ቶማስ ሸራተን ከ1791 ጀምሮ የራሱን ንድፍ አወጣ፤ በ1806 በድህነት ሞተ። «የሄፕልዋይት ቡፌ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ስሙ የስልት እንጂ የሠሪ አለመሆኑን ማወቅ ይበጃል። በእርግጠኝነት ከእሱ እጅ ወጣ የሚባል አንድ ዕቃ እንኳ አይታወቅም። ልዩነቱን በችኮላ ለመለየት ጎንበስ ብሎ እግሩን ማየት ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ ሄፕልዋይት ይሉታል፤ ክብ ሆኖ ቁልቁል ሸንተረር የተቀረጸበት ከሆነ ሸራተን። ሸራተን ራሱ አራት ማዕዘን እግር ስለ ነደፈ ሕጉ ቀዳዳ አለው፤ ቢሆንም ገበያው የሚሠራው በዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ እግሩ ጠፋ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ቡፌው ወለል ላይ ተቀመጠ፣ ከበደ፣ ጀርባው ላይ ትልቅ መስታወት አወጣ። የዚህ ስሜት ጫፍ በ1851 የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን የቀረበው የኬኒልዎርዝ ቡፌ ነው፤ ከአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ተፈልፍሎ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1575 ኬኒልዎርዝ ቤተ መንግሥትን ስትጎበኝ ያሳያል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሳህን የሚያስቀምጡበት ሳይሆን ሐውልት ነው። እግሩን የመለሰለት እንግሊዛዊው አርክቴክት ኤድዋርድ ጎድዊን ነው። በ1867 ለራሱ ቤት የነደፈው ጥቁር ቡፌ በጃፓን ሥራ ተመስጦ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶችን ብቻ ያቆማል፤ ቅርጻ ቅርጽ የሚባል የለበትም። በ1950ዎቹ የዴንማርክ አናጺዎች ከቲክ እንጨት የሠሩት ረጅምና ዝቅ ያለ ቡፌም የዚያው መንፈስ ልጅ ይመስለኛል። እሱ ግን ገና መቶ ዓመት አልሞላውም፤ በተለመደው የገበያ መስፈርት አንቲክ ለመባል ይቀረዋል።

ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዞች የሄፕልዋይትና የሸራተንን ስልት እንደገና ወደው በብዛት አስመስለው ሠሩ። ያ ቅጂ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ራሱ አንቲክ ነው፤ ግን የ1790ው አይደለም። ፊቱ አይለየውም፤ መሳቢያውን ስቦ መገልበጥ ያስፈልጋል። ማዕዘኑ ላይ ሳንቃዎቹ የተያያዙበት ጥርስ በእጅ ተቆርጦ ከሆነ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይላል። የታችኛው ሳንቃ ላይ የክብ መጋዝ ቅስት ምልክት ከታየ ግን የ1790 ሥራ ነው የሚለውን ወሬ መጠርጠር ነው። የእጀታውን ጀርባም ማየት ነው፤ እጀታው ተለውጦ ከሆነ በውስጥ በኩል የተደፈነ አሮጌ ቀዳዳ ይገኛል። ይህ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የተሳበ መሳቢያ እጀታ ቢያስለውጥ አይፈረድበትም። ቀዳዳው በውጭ በኩል ካለ፣ በውስጥ በኩል ከሌለ ግን ፊቱ ላይ የተለበጠው ስስ እንጨት ከሌላ ዕቃ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።