«ግሬድ 6» የባንድ ሙዚቃ ምንድን ነው? (ፍጥነት አይደለም!)

የአሜሪካ ሃይስኩል ኮንሰርት ባንድ (የሚነፉ መሳሪያዎችና ከበሮ ያሉት ቡድን) የሙዚቃ ደራሲውን የፐርሲ ግሬንጀርን «ሊንከንሻየር ፖዚ» ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ በተለቀቀ ቁጥር «ለዚች ቀርፋፋ ዜማ ነው ይሄ ሁሉ ጭብጨባ? ይሄ ነው ግሬድ 6?» የሚል ሰው አይጠፋም። ወንድሜ፣ ግሬድ ማለት አንድ ስራ ለባንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ ደረጃ ነው፣ ጣት ምን ያህል እንደሚፈጥን አይደለም የሚለካው። ፈጣኑን ቦታማ ልጆቹ ቤታቸው ሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) ከፍተው እየደጋገሙ ይጨርሱታል።

የሚታየው ምቱ ስንቴ እንደሚቀያየር፣ ማን ብቻውን ተጋልጦ እንደሚጫወት፣ ድምፁ የት ድረስ እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ እንደዚህ ነው። ባዶ ትሪ ይዞ መሮጥ ማን ያቅተዋል? ስኒው ጢም ብሎ ሲሞላ ግን ቀስ ብለህ ብትሄድም እንግዳው ሁሉ እጅህን ነው የሚያየው። የዚሁ ስራ ሶስተኛ ክፍል «ራፈርድ ፓርክ ፖቸርስ» ሲጀምር ፒኮሎ (ትንሿ ፍሉት) እና ክላሪኔት አንዱን ዜማ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይይዙታል፣ ኢ ፍላት ክላሪኔት (ትንሹ) እና ባስ ክላሪኔት (ትልቁ) ያንኑ ዜማ ትንሽ ዘግየት ብለው ይከተሏቸዋል፣ ምቱ ደግሞ በአራት የሚቆጠር (4/8) ነው ስትል በአምስት (5/8) ይሆናል፣ ማለትም አራት ልጆች ሙሉ ትሪ ይዘው አንዱ እርከን አጭር አንዱ ረጅም የሆነ ደረጃ እየወጡ ነው፣ ቢፈስ የሚሸፍንላቸው ከበሮ እንኳን የለም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር፦ ፒኮሎ ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ ቃናው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ክላሪኔት ደግሞ በተቃራኒው ወደ ታች። ሁለቱ አብረው ድምፅ ሲጨምሩ ሳይለያዩ መቆየታቸው ነው ጭብጨባው። አምስተኛው ክፍል «ሎርድ ሜልቦርን» ላይማ ጭራሽ ቋሚ ምት የሌላቸው ቦታዎች አሉ፣ ሁሉም አይኑን የመሪው እጅ ላይ ተክሎ ነው የሚጫወተው። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚልዋኪ ላይ «ሊንከንሻየር ፖዚ» መጀመሪያ ሲቀርብ እኮ አዋቂዎቹ ራሳቸው ከስድስቱ ክፍል ሶስቱን ብቻ ነው የተጫወቱት።

ቁጥሩን ግን እንደ ኪሎ አትቁጠሩት፣ አሳታሚው የሚሰጠው ግሬድና ስቴቱ ለትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር የሚያወጣው የስራዎች ዝርዝር ሁልጊዜ አይገጥምም። ቴክሳስ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ የዩአይኤል (የቴክሳስ ትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚመራው ድርጅት) ዝርዝር ግሬድ 5 ላይ ነው የሚያበቃው፣ «ልጄ ለምን 6 አልደረሰም» ብላችሁ አስተማሪውን አታስጨንቁት።