ሕያው ሐሳብ በቤት ውስጥ፦ የሻርሎት ሜሰን የትምህርት መንገድና የሚከተሉት ክርስቲያን ቤተሰቦች

ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ክርስቲያን ወላጆች፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ብዙ ናቸው። አካሄዳቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ገሚሶቹ ትምህርት ቤቱን እንዳለ ወደ ቤት ያመጡታል፤ መማሪያ መጽሐፍ፣ መልመጃ፣ ፈተና፣ ውጤት። ሌሎቹ ደግሞ ልጁ ደስ ያለውን ይማር ብለው ይለቁታል። ከሁለቱም የተለየ መንገድ የያዙት የብሪታኒያዊቷ መምህርት የሻርሎት ሜሰን ተከታዮች ናቸው። ይህ ዳሰሳ ስለ እነሱ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ሐሳብ ለመናገር ቀላል ነው። አእምሮም እንደ ሆድ ይራባል። የሚያጠግበው ግን የተከማቸ መረጃ ሳይሆን ሐሳብ ነው። ሐሳብ ደግሞ ከአንድ ሕያው አእምሮ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥሩ መጽሐፍ በኩል። ስለዚህ የአስተማሪው ሥራ ማዕዱን መዘርጋት ነው። አላምጦ ማጉረስ አይደለም።

ሚስ ሜሰን

ተከታዮቿ እስከ ዛሬ የሚጠሯት እንዲህ ነው። በ1842 የመጀመሪያው ቀን በዌልስ፣ ባንጎር አካባቢ ተወለደች። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው አንድያ ልጅ እንደነበረች ነው። በ2015 የወጣ የሕይወት ታሪኳ ግን አባቷ ከእሷ በፊት ሌሎች ልጆች እንደነበሩት ይገልጻል። እሷ ራሷ ስለ ልጅነቷ ማውራት አትወድም ነበር፤ መብቷ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሁለቱንም ወላጆቿን አጣች። ለንደን ውስጥ በመምህርነት ሠለጠነች፣ ዎርዚንግ በምትባል ከተማ ከአሥር ዓመት በላይ አስተማረች፣ ቀጥሎም ቺቼስተር በሚገኝ የመምህራን ኮሌጅ ሠራች። አላገባችም። ጤናዋም ደካማ ነበር።

ታሪኳ የሚጀምረው ብራድፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው ማለት ይቻላል። በ1885 እና 1886 መካከል ባለው ክረምት እዚያ ለሴቶች ተከታታይ ንግግር አደረገች። የንግግሩ ዓላማ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ያ ንግግር በ1886 «የቤት ትምህርት» በሚል መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ1887 እዚያው ብራድፎርድ ውስጥ የወላጆች ማኅበር ተመሠረተ። ቆይቶ «ብሔራዊ» የሚል ተጨምሮበት በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ፒኤንኢዩ ተባለ። በ1890 የማኅበሩ መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ አዘጋጇ ራሷ ነበረች።

በ1891 አምብልሳይድ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደች። ቦታው በሰሜን እንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ ውስጥ ነው፤ ተራራና ውኃ የሞላበት አገር። በ1892 መጀመሪያ «የትምህርት ቤት» ሳይሆን «የትምህርቱ ቤት» ብላ የሰየመችውን ማሠልጠኛ ከፈተች። ወጣት ሴቶች እዚያ እየሠለጠኑ በየቤቱ ለማስተማር ይሄዱ ነበር። መሪ ቃላቸው «ለልጆቹ ስንል» ነው። ከዚያው ጋር በፖስታ የሚሠራ ትምህርት ቤትም ነበር። ለየቤተሰቡ የንባብ ዝርዝርና የጊዜ ሰሌዳ ይላካል። በየትምህርት ወቅቱ ማብቂያ ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ የልጆቹ መልስ ተመልሶ አምብልሳይድ ይታረማል። የዚህ ትምህርት ቤት መሪ ቃል ደግሞ «ነኝ፣ እችላለሁ፣ ይገባኛል፣ አደርጋለሁ» የሚል ነበር።

አንድ ወግ አለ። የስካውቱ መሥራች ባደን ፓወል ራሱ ያወራው ነው። በ1899 ለወታደሮች የጻፈው የስለላ መጽሐፍ በአምብልሳይድ የንባብ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረው ጄኔራል አለንቢ በፈረስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ትንሹ ልጁ ከዛፍ ላይ ሆኖ «አባዬ፣ ተገድለሃል! ወደ ላይ አላየህም» አለው። ቀና ሲል ከልጁ ከፍ ብላ ያለችው የቤት አስተማሪዋ ናት፤ የአምብልሳይድ ምሩቅ። ባደን ፓወል መጽሐፉ ለልጆች እንደሚሆን ልብ ያልኩት ያኔ ነው ይላል። ስካውትን አምብልሳይድ ወለደችው ማለት ማጋነን ይሆናል። ወጉ ግን ደስ ይላል።

ትምህርቱ የጌቶች ልጆች ብቻ አልነበረም። በ1914 ዮርክሺር ውስጥ ድሪግሊንግተን በሚባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር አንድ ተራ ትምህርት ቤት ዘዴውን ተቀበለ። የድሆች ልጆች ሼክስፒርን መልሰው ሲተርኩ ያዩ ሰዎች ተገረሙ። ሜሰን ግን አልተገረመችም፤ ሕፃን ሁሉ ሙሉ ሰው ሆኖ ይወለዳል የምትለው ከጥንት ነው። በጥር 1923 አረፈች። መቃብሯ አምብልሳይድ በሚገኘው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ስድስተኛውና የመጨረሻው ጥራዟ የታተመው ከሞተች በኋላ ነው።

እምነቱ የት ላይ ነው?

ሜሰን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበረች። የልጅ አያያዝን ሕግ ያወጣችው ከወንጌል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ጌታ ስለ ሕፃናት ከተናገረው ሦስት ቃል ወሰደች፤ አታሰናክሉ፣ አትናቁ፣ አትከልክሉ። ልጅን መናቅ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ልብ በሉ። «ገና ልጅ ነው፣ አይገባውም» ብሎ ውኃ የበዛበት ነገር መስጠት ለእሷ ንቀት ነው።

ከዚህ የሚጠልቀው ሐሳብ ግን የመጣው ከፍሎረንስ ግድግዳ ነው። በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገዳም ውስጥ በ14ኛው መቶ ዘመን የተሳለ ትልቅ ሥዕል አለ። የመካከለኛው ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኲናስ መሃል ተቀምጧል። ከበታቹ ሰዋስው፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪና ሌሎቹ ጥበባት በሴት አምሳል ተደርድረዋል። ከእነሱም ሥር እንደ ፓይታጎረስና ኢዩክሊድ ያሉ አረማውያን አሉ። ከሁሉ በላይ መንፈስ ቅዱስ ይወርዳል። ሜሰን ይህን «ታላቁ ዕውቅና» አለችው። ሒሳብም ሆነ ሙዚቃ ከእግዚአብሔር መንፈስ የሚሰጥ ነው፤ መንፈሳዊና ዓለማዊ የሚባል ሁለት ዓይነት ትምህርት የለም ማለቷ ነው። ብዙ ክርስቲያን እናቶችን የሚማርካቸው ይህ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በየመልመጃው ላይ መለጠፍ አያስፈልጋቸውም።

አንድ ቀን ምን ይመስላል?

ከስድስት ዓመት በፊት መደበኛ ትምህርት የለም። ያ ጊዜ የደጅ ነው። ሜሰን አየሩ ደህና በሆነ ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ውጭ መዋልን ትመክራለች። ከስድስት ዓመት በኋላ ትምህርቱ የጠዋት ነው፤ ለትንንሾቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። አንዱ ትምህርት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ትልልቆቹ ጋ እስከ 45 ደቂቃ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ለእጅ ሥራ፣ ለጨዋታና ለደጅ ይተዋል።

የሁሉ መሠረት መልሶ መተረክ ነው። እናት አንድ ምዕራፍ ታነባለች፤ ዳዊትና ጎልያድን እንበል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ «እስቲ ንገረኝ» ትለዋለች። ልጁ በራሱ አፍ ይተርካል። እያቋረጡ ማረም የለም፣ ጥያቄ መደርደርም የለም። ለምን አንድ ጊዜ ብቻ? እንደሚደገምለት ያወቀ ልጅ አይሰማማ! ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ገጽ አንብበው ለመተረክ ይሞክሩት። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው በጽሑፍም ይተርካል። ሽምደዳም ሆነ በውጤት ማሽቀዳደም እዚህ ቦታ የላቸውም።

መጽሐፎቹ «ሕያው» መሆን አለባቸው። ጉዳዩን የሚወድ አንድ ሰው በሚጣፍጥ ቋንቋ የጻፈው ማለት ነው። ተቃራኒው እንቶ ፈንቶ ነው፤ ለልጅ ተብሎ የቀጠነ። ከዚህ ሌላ ልጆች የተፈጥሮ ደብተር ይይዛሉ፤ ያዩትን ወፍና አበባ ይሥላሉ። የአንድ ሠዓሊን ሥራዎች አንድ ሙሉ ወቅት ያያሉ። ቁም ጽሕፈትና የቃል ጽሕፈትም አለ። ሒሳብ ላይ ግን ሜሰን ራሷ እንዳለችው ቁም ነገሩ መጽሐፉ ሳይሆን አስተማሪው ነው።

ልማድም ትልቅ ቦታ አለው። እሷ በሐዲድ ትመስለዋለች፤ አንዴ ከተነጠፈ ባቡሩ ያለ ድካም ይሄዳል። በር መዝጋት የሚረሳን ልጅ እናቱ አትጮህበትም። ጠርታ በዓይኗ ብቻ ታስታውሰዋለች፤ እስኪለምደው ድረስ። ሐሳቡን የወሰደችው ከዘመኗ የአንጎል ሳይንስ ነው። ያ ሳይንስ አርጅቷል፤ ምክሩ ግን እስካሁን ይሠራል።

ከአምብልሳይድ ወደ አሜሪካ

ከሜሰን ሞት በኋላ የፖስታው ትምህርት ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ፤ ማሠልጠኛዋም በስሟ የሚጠራ ኮሌጅ ሆነ፣ በኋላም በካምብሪያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ።

ትንሣኤው የመጣው በ1984 ነው። የወንጌላዊው አሳቢ የፍራንሲስ ሼፈር ልጅ ሱዛን ሼፈር ማኮሊ፣ ልጆቿ እንግሊዝ ውስጥ በእንዲህ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ሲማሩ አይታ ነበር። «ለልጆቹ ስንል» የሚለውን የድሮ መሪ ቃል ርዕስ አድርጋ መጽሐፍ ጻፈች። ጊዜው የተመቸ ነበር፤ በአሜሪካ ልጅን ቤት ማስተማር በየግዛቱ እየተፈቀደ ነበር፣ በ1993 በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ሆነ። በ1989 ደግሞ ካረን አንድሪዮላና ባለቤቷ ስድስቱን ጥራዞች እንደገና አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በእናቶች እጅ ገባ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጎ ፈቃደኛ እናቶች «አምብልሳይድ ኦንላይን» የተባለ ነፃ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ፤ በዓመት 36 ሳምንት፣ በሦስት ወቅት የተከፈለ። በ2016 በአሜሪካ ቤት የሚማሩ ልጆች በመንግሥት ግምት 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። የሜሰን ተከታዮች የዚህ አንዱ ክፍል ናቸው። በጀርመን ግን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር የተከለከለ ነው።

የሚያከራክሩ ነገሮች

ከሜሰን 20 መርሖች ሁለተኛው ልጆች መልካምም ክፉም ሆነው አይወለዱም፤ ለሁለቱም የሚሆን ዕድል ይዘው ነው ይላል። ይህን ያዩ አንዳንድ ወንጌላውያን የአዳምን ኃጢአት ካደች ብለዋል። መጽሐፎቿን ያነበበ ሰው ግን እንዲህ አይቸኩልም። የምትናገረው በዘመኗ ስለ ነበረው የዘር ውርስ ክርክር ነው፤ የድሃ ልጅ ከጥንቱ የተበላሸ ነው ለሚሉት ነው መልሷ።

ትምህርቷ «ክላሲካል» ከሚባለው፣ የጥንት ግሪክና ሮም ትምህርትን ከሚከተለው ወገን ነው ወይስ አይደለም የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። አንዳንዶች የጥንቶቹ ወራሽ ናት ይላሉ፣ ሌሎች የራሷን አዲስ መንገድ ነው የከፈተችው ይላሉ፣ ሁለቱም ከመጽሐፎቿ የሚጠቅሱት አላቸው። ክርስቲያን ላልሆነ ይሆናል ወይ ለሚለው ደግሞ ታሪኩ ራሱ ይመልሳል፤ ከማኅበሩ ዋነኛ ምሰሶዎች አንዷ ሄንሪየታ ፍራንክሊን አይሁዳዊት ነበረች።

የንባብ ዝርዝሩ በጣም እንግሊዛዊ ነው የሚለው ወቀሳ ግን እውነት ነው። ከአሮጌዎቹ መጽሐፎች አንዳንዶቹ ሌላውን ሕዝብ በቅኝ ገዢ ዓይን ያያሉ። ብዙ ቤተሰቦች እየመረጡ ይተዋሉ ወይም እያነበቡ ይነጋገሩበታል። የእናትየዋ ሸክምም ቀላል አይደለም። በሜሰን ዘመን ሀብታሞቹ ቤት የሠለጠነች አስተማሪ፣ ሞግዚትና ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ አንዲት እናት ሦስቱንም ሆና ነው የምትውለው።

የማኅበሩ አሮጌ ሰነዶች አምብልሳይድ ባለው አርሚት ሙዚየም ተቀምጠዋል። የየወቅቱ ፕሮግራም፣ የፈተና ጥያቄና የልጆች መልስ ሳይቀር አለ። ዛሬ የልጆቻቸውን የመጽሐፍ ዝርዝር የሚያዘጋጁ እናቶች እነዚያን የመቶ ዓመት ወረቀቶች ከፊታቸው ዘርግተው፣ የትኛው መጽሐፍ ከገበያ እንደጠፋና በምን እንደሚተካ እየተማከሩ ነው የሚሠሩት።