የድሮ መኪና ታይሚንግ በአዲስ አበባ ከፍታ

አሮጌ ቮልስ ወይም ላዳ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሲወጣ፣ ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ልክ ካልሆነ የቸርችል ዳገት ያሳብቅበታል። ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ ነው። ቤንዚኑ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋላ! እሳቱ ከመጠን በላይ ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል። ከዘገየ ጉልበት ያጣል፣ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል።

ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር እሳቱን በሁለት መንገድ ያስቀድማል። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ክብደቶች የሞተሩን ፍጥነት ይከተላሉ። ጎኑ ላይ ያለው፣ በሞተሩ የአየር መሳብ የሚሠራው ቫኪዩም ደግሞ የሾፌሩን እግር ይከተላል። ነዳጅ በስሱ ሲረገጥ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ ያኔ ቫኪዩሙ እሳቱን ያስቀድማል። እስከ ታች ሲረገጥ ይለቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ቫኪዩም አልነበራቸውም፤ የኋለኞቹ ላይ ነው የገባው።

ማስተካከሉ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን ከሚያስነሳው ፑንቲና ይጀምራል። ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉም ስለሚንቀሳቀስ፣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ድርብ ሥራ ነው። ቮልስ ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ሞተሩ ይሞቃል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይስተካከላል፣ በብዙ ሞተሮች ላይ የቫኪዩሙ ጎማ ተነቅሎ ይደፈናል። እሳቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚሰጥ የሚያሳየው የታይሚንግ መብራት በ1ኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ይያዛል። ብሎኑን አላልቶ ዲስትሪቢዩተሩን ውስጡ ከሚዞረው ሮተር አዟዟር በተቃራኒ ማዞር እሳቱን ያስቀድማል። በጆሮ ብቻ የሚሠሩም አሉ። የለመደ ጆሮ አይናቅም፤ ግን ሚኒሞ ላይ ያማረ ድምፅ ዳገት ላይ ላይደገም ይችላል።

የአዲስ አበባ ልዩ ነገር ከፍታዋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተር እዚህ ቶሎ አያንኳኳም። መመሪያው ላይ ካለው ቁጥር ሁለት ሦስት ዲግሪ ማስቀደም ብዙ ጊዜ ይጠቅመዋል። የሞተሩን የአየር መሳብ የሚለካው የቫኪዩም ጌጅም ዝቅ ብሎ ያነባል፦ በባሕር ጠለል 18 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 11 አካባቢ ቢያሳይ ሞተር ለማውረድ መቸኮል አያስፈልግም። ጣጣው መኪናው ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወርድ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒያሳ ላይ ዝም ያለው ሞተር ማንኳኳት ይጀምራል። ያኔ እሳቱን ወደ መመሪያው ቁጥር መመለስ ነው።

ቫኪዩሙን ለመፈተሽ አፍ ይበቃል። ጎማው ሲሳብ ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን መንቀሳቀስ አለበት። ጫፉ በምላስ ሲደፈን ደግሞ ባለበት መቆየት አለበት። ካልቆየ ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ምትኩ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ከሌላ ሞዴል የተነቀለ ከሆነ ግን ልክክ ብሎ ቢገጥምም እሳቱን የሚያስቀድምበት መጠን ሊለይ ይችላል።