«እንደ ቀለሙ ነው ያሰርኩት»፦ ስለ ቴርሞስታት ሽቦ የሚወራውና እውነታው

«ቴርሞስታቱን ራሴ ቀየርኩት፤ አሁን ኤሲው አልነሳ አለ። ግን እኮ እንደ ቀለሙ ነው ያሰርኩት!» ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው ቤት ማሞቂያና ኤሲ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ይህቺን ንግግር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጠግቤያታለሁ።

ቀለም ምንም አይነግራችሁም። ከቴርሞስታቱ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ካለው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ የሚወርደው ሽቦ ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው ቤዝመንት ያለው ፈርነስ (ማሞቂያው) ውስጥ፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ከታሰረበት ፊደል ነው። አር (R) ኃይል ያመጣል፤ ደብልዩ (W) ማሞቂያውን፣ ዋይ (Y) ማቀዝቀዣውን፣ ጂ (G) ፋኑን ይጠራል፤ ሲ (C) የኃይሉ መመለሻ ነው። ቀይ ለአር፣ ነጭ ለደብልዩ፣ ቢጫ ለዋይ፣ አረንጓዴ ለጂ መሆኑ ልማድ ነው እንጂ ከእናንተ በፊት ቤቱን የነካካው ሰው ልማዱን ሊጠብቅ አልማለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ደንበኛዬ ቤት ሲገዛ የቀድሞው ባለቤት ስማርት ቴርሞስታቱን ነቅሎ ሄዷል፤ ግድግዳው ላይ አራት ሽቦ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሰውዬው ኖቬምበር ላይ በባትሪ የሚሠራ ርካሽ ቴርሞስታት ገዝቶ ቀለም በቀለም አሰረው። ዊንተሩን ሙሉ ቤቱ ሞቀ። ሜይ ላይ ኤሲ ሲያበራ ሁሉም ነገር ጭጭ አለ። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ብሎ የውጪው ማሽን እንዲቀየር ዋጋ ጽፎለት ሄደ።

እኔ የፈርነሱን በር ከፈትኩ። ቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 አምፔር ፊውዝ፣ የመኪና ፊውዝ የምትመስለው ሐምራዊዋ፣ ተቃጥላለች። አረንጓዴው ሽቦ የታሰረው ሲ ላይ ነው! ዋይና ጂ ደግሞ እዚያው በአጭር ሽቦ ተገናኝተዋል። ስማርት ቴርሞስታቱ ራሱ የሚሠራበትን ኃይል ለማግኘት ሲ ይፈልግ ነበር፤ የቀድሞው ባለቤት አምስተኛ ሽቦ ስላልነበረው የፋኑን ሽቦ ለሲ ተጠቅሞበታል፣ ማቀዝቀዣው ሲጠራ ፋኑም አብሮ እንዲነሳ ዋይና ጂን አገናኝቷል፤ የታወቀ ዘዴ ነው። ደንበኛዬ ግን ያንን ሽቦ አዲሱ ቴርሞስታት ጂ ላይ ስላሰረው፣ ቴርሞስታቱ ፋን በጠራ ቁጥር አርን በቀጥታ ከሲ ጋር ያላትማል። የጋዝ ፈርነስ ሲያሞቅ ፋኑን የሚያስነሳው ቦርዱ ራሱ ስለሆነ ዊንተሩ በሰላም አለፈ። ስክሪኑም በባትሪ ስለሚሠራ ፊውዙ ከሞተ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ በርቶ ነበር። አረንጓዴዋን ከቴርሞስታቱ ጂ ነቅዬ ጫፏን በቴፕ ሸፈንኩ፣ ፊውዝ ቀየርኩ፤ ኤሲው ተነሳ።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የድሮውን ቴርሞስታት ፊደሎቹ እንዲታዩ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ቦርዱንም አንሱ። ቴርሞስታቱ አስቀድሞ ተነቅሎ ከሆነ ቦርዱ ብቻ ነው የሚመሰክርላችሁ።

«24 ቮልት ምን ያመጣል?» በእነዚህ ሽቦዎች የሚሄደውን ቮልት አገር ቤት በ220 ያደገ ሰው እንዲህ ይንቀዋል። እናንተን አይገድላችሁም፤ በስህተት ከታሰረ ግን የቤቱን ቮልት ወደ 24 የሚያወርደውን ትራንስፎርመር ይገድለዋል። ፊውዙ ቦታ አሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ የጠበቀኝ ሰው አለ፤ ትራንስፎርመሩ ጠቁሮ፣ ቤዝመንቱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ነበር። ቴርሞስታቱን «ኦፍ» ማድረግ ደግሞ ኃይል መቁረጥ አይደለም። ብሬከሩን አጥፉ።

«ሁሉም ቴርሞስታት 24 ቮልት ነው» የሚለው ግን ሰውም ይገድላል። ግድግዳ ሥር የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለበት ቤት ቴርሞስታቱ ላይ 120 ወይም 240 ቮልት ሊኖር ይችላል። ወፍራም ሽቦ በፕላስቲክ ቆብ ታስሮ ካያችሁ እዚያው ተዉትና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

«ሲ ሽቦ የለኝም።» ብዙ ጊዜ አለ፤ ያልታሰረ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ታችኛው ጫፉ ቦርዱ ላይ ሲ መያዙን ሳታዩ አትሰኩት።

«ሂት ፓምፑ ተበላሸ፤ ቀዝቃዛ ስለው ያሞቃል።» ሂት ፓምፕ በአንድ ማሽን የሚያሞቅም የሚያቀዝቅዝም ነው፤ ቴርሞስታት ከተቀየረ በኋላ እንዲህ ካደረገ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ቴርሞስታቱ ሜኑ ውስጥ ኦ/ቢ (O/B) የሚለውን፣ በማሞቅና በማቀዝቀዝ መካከል የሚያዞረውን ምርጫ፣ ገልብጡት።

«አስሬ ጨረስኩ፣ ኤሲው ወዲያው አልተነሳም።» አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ኮምፕረሰሩ እንዳይጎዳ ቴርሞስታቱ ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ከዚያም እምቢ ካለ፣ ቦርዱን ፎቶ ስታነሱ የከፈታችሁት የፈርነስ በር በደንብ መገጠሙን እዩ። በሩ ሥር ያለችው ስዊች ካልተጫነች ኃይሉን ትቆርጠዋለች። በር ለመግጠም ብቻ ስመጣም የመምጫዬን አስከፍላለሁ።