ሽጉጥ ማቀባበል የጣት ጉልበት ይጠይቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ጣቴ ደካማ ስለሆነ ማቀባበል አልችልም።» ከጀማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው ይህን ነው። አብዛኞቹ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ስላይዱን፣ ማለትም ከላይ ወደኋላ የሚንሸራተተውን ብረት፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆንጥጠው ይጎትታሉ። ሞላው አይበገርም፤ የስላይዱ ጥርስም ጣታቸውን ይልጣል። ጥፋቱ ግን የአያያዝ ነው። ሽጉጡን ወደ ደረት አቅርቡ፣ ክርናችሁ ይታጠፍ። በሌላው እጅ ስላይዱን ከላይ ጨብጡት፦ አራቱ ጣቶች በአንድ ወገን፣ የመዳፍ ሥር በሌላው። ከዚያ ስላይዱን የያዘው እጅ ባለበት ይጽና፤ እጀታውን የጨበጠው እጅ ወደፊት ይግፋ። ጣት ያቃተውን ትከሻና ደረት ይችሉታል። መዳፍ ቀለህ መውጫውን እንዳይሸፍን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ቆዳ ይቆነጥጣል።

«ባዶ ስለሆነ አፈሙዙ ወደ ጎን ቢዞር ምን አለበት?» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሽጉጡን ወደ ደረቱ ሲያመጣ አፈሙዙ ወደ ግራ ይዞራል፤ በግራው ደግሞ ሌላ ሰው ቆሟል። መዞር ያለበት ሰውየው ራሱ ነው፦ ግራ ትከሻው ወደ ዒላማው እስኪሆን ድረስ ወደ ቀኝ ይዙር። አፈሙዙ ያኔ ዒላማውን ያያል። ጠቋሚ ጣት ከቃታው ውጪ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ደግሞም ካዝናው ስለተነቀለ ብቻ ሽጉጡ ባዶ አይባልም፤ የጎረሳት ጥይት እዚያው ናት።

«ትንሽ ሽጉጥ ለማቀባበል ይቀላል።» ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ከትናንሾቹ ሽጉጦች፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ዋልተር ፒፒኬም ሆነ ማካሮቭ፣ በርሜሉና ስላይዱ አይቆላለፉም፤ የተኩሱን ግፊት የሚቋቋሙት የስላይዱ ክብደትና ሞላው ብቻ ስለሆኑ ሞላው ጠንካራ መሆን አለበት። ተለቅ ያለው ግሎክ 17 ግን ሲተኮስ በርሜሉና ስላይዱ ለአፍታ ተቆላልፈው አብረው ወደኋላ ስለሚሄዱ ያን ያህል ጠንካራ ሞላ አይፈልግም፤ መጨበጫ ቦታም ይተርፈዋል። መዶሻው፣ ማለትም ቃታው ሲሳብ የሚመታው የኋላ ብረት፣ ከውጭ የሚታይ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ መዶሻውን ወደኋላ ማንሳት ይረዳል። ስላይዱ ወደኋላ ሲሄድ የመዶሻውንም ሞላ አብሮ ስለሚገፋ፣ ቀድሞ የተነሳ መዶሻ ሸክሙን ያቀልለታል።

«ስላይዱን ይዞ ቀስ አድርጎ መመለስ ይሻላል።» ባዶ ሽጉጥ ከሆነ ጉዳት የለውም። ጥይት የሚጎርስ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ስባችሁ ልቀቁት። ይዛችሁ ከሸኛችሁት ሞላው ኃይሉን ያጣል፤ ጥይቷ በቅጡ ሳትገባ ስላይዱ ጥቂት ቀርቶት ይቆማል።

«ሞላውን መቁረጥ ያቀልላል።» ያቀልላል፤ ግን ያው ሞላ ነው ስላይዱን የሚመልሰው፣ የኋልዮሽ ምቱንም የሚያበርደው። ሽጉጡ መንከስ፣ ማለትም ጥይት እየያዘ መቆም፣ ይጀምራል፣ ብረቱም ያለዕድሜው ይጎዳል።

በዓይኔ ካየኋቸው ቁስሎች አብዛኞቹ ግን የመጡት ከማቀባበል አይደለም፤ የግራ አውራ ጣትን ከስላይዱ ኋላ አሻግሮ ይዞ ከመተኮስ ነው። ሁለቱም አውራ ጣቶች በአንድ ወገን፣ ወደፊት ያመልክቱ።